ሰዓት ሠሪዎቹና የአየር ጠመንጃ

የአሜሪካን ምዕራብ እንዲያስስ የተላከው ሜሪዌዘር ሉዊስ በ1803 ኦገስት መጨረሻ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከፒትስበርግ ተነሥቶ የኦሃዮን ወንዝ ቁልቁል በተያያዘበት ቀን፣ ገና 3 ማይል ያህል ሳይርቅ አንዲት ደሴት ላይ ወረደ። እዚያ ያገኛቸው ሰዎች በቅርቡ የገዛውን ጠመንጃ እንዲያሳያቸው ጠየቁት። አወጣው፣ ሞላው፣ በ55 ያርድ ርቀት 7 ጊዜ ተኮሰ፤ ደኅና አድርጎም መታ። ከዚያ ብሌዝ ሴናስ የተባለ ሰው ጠመንጃውን ተቀበለው። አያያዙን አያውቅም ነበርና ባረቀበት። ጥይቱ 40 ያርድ ገደማ ርቃ የቆመች ሴት ባርኔጣ በስቶ ጆሮ ግንዷን ጫረ። ሴትዮዋ ወደቀች፣ ደሟ ፈሰሰ፣ የነበሩት ሁሉ ሞተች ብለው ክው አሉ። ትንሽ ቆይታ ግን ነፍስ ዘራች፤ ቁስሏም ለክፉ የሚሰጥ አልነበረም። ሉዊስ የጉዞ ማስታወሻውን የሚጀምረው በዚህ ታሪክ ነው።

ጠመንጃው የአየር ጠመንጃ ነበር። ባሩድ የለው፣ ጭስ የለው፣ እሳት የሚጭር ባልጩት የለው። ሰው ያልተሞላ መስሎት የሚዘናጋውም ለዚህ ይመስለኛል። እኔ ዕድሜዬን ቶርኖ ላይ ቆሜ ብረት ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሙያውን ተግባረ እድ ተማርኩ፣ አሁን ደግሞ ቨርጂንያ ውስጥ ትንሽ የማሽን ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ታሪኩን ሳነብ ከሴትዮዋ ባርኔጣ ይልቅ ልቤን የያዘው ቁጥሩ ነው። ከ7 ተኩስ በኋላ 8ኛው አሁንም 40 ያርድ ሄዶ ሰው ያቆስላል። ማስታወሻው በመሃል እንደገና ተነፋ አይልም። በጠመንጃው ውስጥ የታመቀውን አየር በአንዴ የማይለቅ፣ በየተኩሱ ቆንጥሮ የሚሰጥ ነገር ነበረ ማለት ነው። ስለ አየር ጠመንጃ የሚጻፈው ስለ አፈሙዙና ስለ ጥይቱ ይበዛል፤ እኔ ግን ዋናው ሰውዬ ቫልቩ ነው ባይ ነኝ።

ከቫልቩ በፊት ወናፍ ነበር። እስከ ዛሬ ከተረፉት የአየር ጠመንጃዎች ጥንታዊ የሚባለው፣ በ1580 አካባቢ የተሠራ፣ ስቶክሆልም በሚገኘው የነገሥታት የጦር ዕቃ ሙዚየም አለ። በሰደፉ ውስጥ ወናፍ አለው። ምላጩ ሲሳብ ሞላው ወናፉን ይጨምቃል፣ ትንፋሹም ትንሽ ፍላጻ ያስፈነጥራል። አንጥረኛ ቤት ያደገ ሰው ይህን የሚያስረዳው አያሻውም። ወናፍ ግን አቅሙ ውሱን ነው፤ ለወፍ ካልሆነ ለሌላ አይበቃም። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሊዝዮው ሰው ማሬን ቡርዡዋ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለአንሪ 4ኛ ቀድሞ በታመቀ አየር የሚተኩስ ጠመንጃ ሠራ። አየሩን አስቀድሞ አምቆ ማስቀመጥ ከተቻለ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ይሆናል፤ እንዴት ይዘጋል፣ ለምን ያህል ጊዜስ ይከፈታል?

ለጦር ሜዳ ያበቃው ባርቶሎሜዎስ ጂራርዶኒ ነው። በ1744 በቲሮል ተራሮች፣ በኮርቲና ዳምፔዞ አካባቢ ተወለደ። ሰዓትም ጠመንጃም ይሠራ ነበር። የኦስትሪያ ጦር የእሱን ጠመንጃ በ1780 ገደማ ተቀብሎ ለአልሞ ተኳሾቹ ሰጠ። ጠመንጃው 4 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል፣ ቁመቱ 1.2 ሜትር አካባቢ ነው። ሰደፉ እንጨት ሳይሆን ቆዳ የለበሰ የብረት ጠርሙስ ነው፤ አየሩ የሚታመቀው እዚያ ውስጥ ነው። አየሩ ሲያልቅ ሰደፉን ፈትቶ ሌላ ሙሉ ሰደፍ ማጥበቅ ነው። በቱቦው ጎን 20 ያህል ድቡልቡል የእርሳስ ጥይት የሚይዝ መያዣ አለ። አፈሙዙን ወደ ላይ ቀና አድርጎ መቀርቀሪያውን ወደ ጎን ገፋ ሲያደርጉት አንድ ጥይት ይገባል። ያኔ የተራው ወታደር ጠመንጃ ባሩድ እየተፈሰሰበት፣ በዘንግ እየተጠቀጠቀ በደቂቃ 2 ወይም 3 ጊዜ ቢተኩስ ነው። ይኸኛው ግን ሰውዬው ሳይነሣ፣ በደረቱ እንደተኛ፣ 20ውንም ይጨርሳል።

ዋጋው በክንድ ይከፈላል። አንዱን ሰደፍ በእጅ ፖምፓ ለመሙላት 1,500 ጊዜ ያህል መግፋት ያስፈልጋል። ለዚያ ሁሉ ድካም የሚገኘው 30 ያህል ደህና ተኩስ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጥይቱ ውፍረት ካልተነገረ ሌላው አይገባም። የጂራርዶኒ ጥይት ውፍረቱ ወደ 12 ሚሊሜትር ይጠጋል። አባቶቻችን አድዋ ላይ ከያዟቸው ጠመንጃዎች አንዱ፣ ውጅግራ፣ 11 ሚሊሜትር ነበር፤ ስለዚህ ከዚያ ትንሽ ይወፍራል። አሁን ለስፖርት የሚተኮሰው የአየር ጠመንጃ ግን 4.5 ሚሊሜትር ነው። ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ስሌቱን ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። የ4.5 ቱቦ ቀዳዳ ስፋቱ 16 ካሬ ሚሊሜትር ነው። የጂራርዶኒው ከ100 ካሬ ሚሊሜትር ያልፋል። በጂራርዶኒ ሰደፍ ውስጥ ያለው ግፊት 55 ባር ያህል ነው ተብሎ ይገመታል፤ ዘመናዊው የአየር ጠመንጃ 200 ባር ይሞላል። እንግዲህ 200 ባር በ4.5 ጥይት ጀርባ ላይ ሲያርፍ ቢበዛ የ32 ኪሎ ግፊት ነው። 55 ባር በጂራርዶኒ ጥይት ጀርባ ላይ ሲያርፍ ወደ 60 ኪሎ ይደርሳል። ከሩብ ትንሽ በሚበልጠው ግፊት እጥፍ ያህል ይገፋል። ከዚያ በላይ ግፊት የሚችል ጠርሙስ መሥራት፣ ከዚያም በላይ በክንድ መሙላት በዚያ ዘመን አስቸጋሪ ነበርና፣ ሰውዬው ያጣውን ግፊት በስፋት ያካካሰው ይመስለኛል።

ቫልቩስ? ቫልቩን የሚዘጋው ራሱ የታመቀው አየር ነው፤ ከኋላው ያለ ሞላ ያግዘዋል። በእኔ ሱቅ የምሠራቸው ቫልቮች መቀመጫቸው 7 ሚሊሜትር ያህል ነው። ጠርሙሱ 200 ባር ሲሞላ አየሩ ያንን ትንሽ ክዳን በ78 ኪሎ ጉልበት ይዞታል። አንድ ጎልማሳ ሰው ላዩ ላይ ቢቆም እንደማለት ነው። ጠመንጃ ውስጥ ያለ ሞላ ይህን ገፍቶ አይከፍተውም፤ ሊከፍተው የሚችለው መትቶ ነው። ምላጩ ሲሳብ መምቻው ይወረወራል፣ የቫልቩን ዘንግ ይመታል፣ ክዳኑ ፀጉር ታህል ይከፈታል፣ አየሩ ያመልጣል፣ እዚያው ደግሞ ራሱ አየሩ መልሶ ይደፍነዋል። ይህ ሁሉ የሰከንድ ሺኛ አንድ ወይም ሁለት ቢፈጅ ነው። ጠርሙሱ ሙሉ ሲሆን ምቱ ክዳኑን በጭንቅ ይከፍታል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ደግሞ ያው ምት አብልጦ ይከፍተዋል፣ አብልጦም ያቆየዋል። አንዱ ሲጎድል ሌላው ይሞላል። ተከታታይ ጥይቶች ለረጅም ጊዜ በተቀራራቢ ፍጥነት የሚወጡት በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ ግን ማካካሱ ያበቃል፤ ጥይቱ እየሰነፈ ይሄዳል።

ይህ እንግዲህ የጊዜ ሥራ ነው፤ ሙያው በሰዓት ሠሪዎች እጅ መገኘቱም አይደንቀኝም። ጂራርዶኒ ሰዓት ሠሪ ነው። በአሜሪካ ደግሞ ስመ ጥር የአየር ጠመንጃ ሠሪ የነበረው የፊላደልፊያው አይዛያ ሉከንስም ሰዓት ሠሪ ነው፤ በ1828 በከተማዋ የሚገኘውን የድሮ የግዛት ምክር ቤት፣ የነጻነት አዳራሽ የሚባለውን፣ የማማ ሰዓት የሠራው እሱ ነው። የዚህን ሰው ነገር ሳላነሣ ባልፍ ይቆጨኛል። በ1812 ቻርልስ ሬድሄፈር የተባለ አታላይ ያለ ምንም ጉልበት ለዘላለም የሚዞር ማሽን ሠራሁ ብሎ ፊላደልፊያ ውስጥ ሕዝብ በገንዘብ ያስጎበኝ ነበር። ሊመረምሩ ከሄዱት አንዱ ልጁን ይዞ ነበርና ልጁ የማርሾቹን ጥርስ መበላት አየ፤ የተበሉት በተሳሳተው ጎናቸው ነው። ማሽኑ ሌላ ማሽን ያዞራል ሲባል፣ ለካ ያ ሌላው ማሽን ነው እሱን የሚያዞረው። ሉከንስም ተጠርቶ ያንኑ የሚመስል፣ በውስጡ የተደበቀ የሰዓት ሞተር ያለው ማሽን ሠራ፤ አታላዩ ራሱ አይቶ ደነገጠ። ብዙ ጊዜ ፖምፓ ሳይገፋ የአየር ጠመንጃ እንደማይተኮስ በክንዱ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ባለው ነገር አይሸወድም።

የሉከንስ ንብረት ከሞቱ በኋላ በ1847 ሲሸጥ፣ በዝርዝሩ ላይ ሉዊስና የጉዞ ጓዱ ክላርክ በአሰሳው የተጠቀሙበት የተባለ የአየር ጠመንጃ ተመዝግቦ ነበር። ስለዚህ የጉዞው ጠመንጃ ሉከንስ የሠራው ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ታመነ። ከእሱ ሥራዎች አንዱ እኔ ካለሁበት ብዙም በማይርቀው ሌክሲንግተን፣ በቨርጂንያ ወታደራዊ ተቋም ሙዚየም ይገኛል። ሄጄ አይቼዋለሁ፤ በመስታወት ውስጥ ሆኖም የእጁ ጥራት ያስታውቃል። ነገር ግን ያኛው ጥይቱን አንድ በአንድ የሚጎርስ ነው። በ1803 ሴፕቴምበር ዊሊንግ ከተማ ላይ ሉዊስን ያገኘው ቶማስ ሮድኒ ደግሞ በማስታወሻው የጻፈው በአንድ ሙሌት 22 ጊዜ ስለሚተኩስ ጠመንጃ ነው። ይህ ማስታወሻ በ1990ዎቹ ታትሞ ሲወጣ ነገሩ ተገለበጠ፤ በአንድ ሙሌት ያን ያህል የሚተኩሰው የጂራርዶኒ ዓይነት እንጂ የሉከንስ አይደለም። በአየር ጠመንጃ ታሪክ ጸሐፊው በሮበርት ቢማን ስብስብ ውስጥ በነበረ አንድ ጂራርዶኒ ላይ በእጅ የተቀጠቀጠ፣ ከመጀመሪያው የተለየ ዋና ሞላ ተገኘ። ቢማንም በኋላ ጠመንጃውን ካርላይል፣ ፔንሲልቬንያ ለሚገኘው የአሜሪካ ጦር ኮሌጅ አበረከተው። በእርግጥ ያው ራሱ መሆኑን መሐላ የሚገባለት የለም፤ ዓይነቱ ግን ጂራርዶኒ መሆኑን እኔም እቀበላለሁ።

ሞላው ለምን እንደሚያስደስተኝ ልናገር። በ1805 ጁን፣ በሚዙሪ ወንዝ ላይ ከከተማ ከራቁ ከዓመት በላይ ሆኗቸው ሳለ፣ የጉዞው አንጥረኛ ጆን ሺልድስ የአየር ጠመንጃውን ዋና ሞላ አዲስ አድርጎ ሠራለት። ጫካ ውስጥ፣ በተንቀሳቃሽ ምድጃ! ሞላው ቢላላ ምቱ ይደክማል፣ ቫልቩ በቅጡ አይከፈትም፤ ቢጠነክር አየሩ ያልቃል። ማንም በቁጥር አልነገረውም። ሺልድስ ያገኘው በጆሮውና በእጁ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም በዚያው ኦገስት 17 ቀን ሉዊስ ለአገሬው ነገድ ለሾሾኒዎች ተኩሶ ሲያሳይ ጠመንጃው ይሠራ ነበር። ሾሾኒዎቹ ምሥጢሩን ሊደርሱበት ስላልቻሉ ትልቅ መድኃኒት አሉት። ሉዊስ በየሰፈሩ ይህንን ትርኢት ማሳየቱ ለጨዋታ ብቻ አልነበረም። ጥቂት ሰዎች ብቻ ይዞ ብዙ ሺህ ሰው መሃል ነው የሚያልፈው። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ስንት እንዳለው ደግሞ ማንም አያውቅም።

ኦስትሪያ ግን በመጨረሻ መለሰችው። በ1815 አካባቢ ከአገልግሎት ወጥቶ ነበር። ጠርሙሱ ያፈስሳል፣ ቆዳው ይደርቃል፣ ፖምፓው ይበላሻል፣ የሚጠግነው ሰው ደግሞ በየክፍለ ጦሩ አይገኝም። ናፖሊዮን የአየር ጠመንጃ የያዘ ምርኮኛ ሁሉ ይሰቀል ብሎ ነበር የሚባል ወሬም አለ፤ ማስረጃ ሲቀርብለት አላየሁም።

ጂራርዶኒ ለቱቦና ለቫልቩ ያገኘው መልስ አንድ ጥይት፣ አንድ ቱቦ፣ አንድ ቫልቭ የሚል ነበር። ይህን ካፈረሱት እንግሊዞች ይገኙበታል። በ19ኛው መቶ ዓመት ለንደንና በርሚንግሃም ላይ ምርኩዝ የሚመስሉ የአየር ጠመንጃዎች ይሠሩ ነበር፤ እንደ ኤድዋርድ ራይሊና ጆን ብላንች ያሉ ጠመንጃ ሠሪዎች ለጨዋው ሁሉ ሸጠዋቸዋል። ሰውዬው ምርኩዙን እየተመረኮዘ መናፈሻ ይሄዳል፣ ጥንቸል ሲያይ ይተኩሳል። (የኮናን ዶይል ክፉ ሰው ኮሎኔል ሞራን ሼርሎክ ሆልምስን ሊገድልበት የሞከረው የአየር ጠመንጃ በዚህ ወግ የተፈለሰፈ ነው።) የአንዳንዶቹ ብልሃት ቱቦው ውስጥ ሌላ ቱቦ መኖሩ ነው። ውጭኛው ልሙጥና ሰፊ ነው፣ ለወፍ ፍንጣሪ እርሳስ ይተኮስበታል። ውስጠኛው ጠባብና ጠመዝማዛ ቦይ የተቀረጸበት ነው፣ ለአንድ ጥይት። የቫልቩ ፊት የሚሠራው ከቀንድ ነበር፤ ቀንድ ጠንካራም ነው፣ ትንሽም ይለጠጣል፣ ስለዚህ መቀመጫው ላይ ልክክ ይላል። አንድ ቫልቭ እንግዲህ ሁለት ጌታ ያገለግላል። ለሰፊው የሚበቃው አየር ለጠባቡ ይተርፋል፤ ለጠባቡ የተለካው ለሰፊው አይበቃም። የምርኩዙ ባለቤት ማስተካከል የሚችለው የፖምፓውን ብዛት ብቻ ነበር፤ ያም የተኩሱን ብዛት ይቀንስበታል።

ይኸው ጣጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ እኔ ሱቅ ድረስ መጣ። አሜሪካ የተወለደ የጎንደሬ ልጅ፣ አባቱን የማውቀው፣ ሦስት ቱቦ ያለው የአየር ጠመንጃ ይዞ መጣ፤ 4.5፣ 5.5 እና 6.35 ሚሊሜትር። «ጋሼ፣ ትንሹን ስገጥምበት ይጮኻል፤ ትልቁን ስገጥምበት ይሰንፋል። ጠመንጃው አንድ፣ አየሩ አንድ፤ ነገሩ ምንድን ነው?» አለኝ። «የጮኸው አየር ሲጥል ነው» አልኩት። የ4.5 ጥይት ግማሽ ግራም ያህል ናት፤ የሰከንድ 4 ሺኛ በማይሞላ ጊዜ ከአፈሙዙ ትወጣለች። ቫልቩ ለትልቁ ጥይት ተብሎ ከተለቀቀ፣ ትንሿ ከወጣች በኋላም የሚወጣ አየር አለ፤ ሥራ የለውም፣ ጩኸት ብቻ ነው። የ6.35ቱ ቀዳዳ ደግሞ ከ4.5ቱ እጥፍ ይሰፋል፣ ጥይቱም 3 እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ ብዙ አየር፣ ሰፊ መተላለፊያ ይፈልጋል። ከቫልቩ ወደ ቱቦው የሚያስገባው ቀዳዳ ጠባብ ከሆነ፣ ሞላውን ምንም ብታጠብቀው አየሩ እዚያ ጉሮሮው ይታነቃል።

እናም ለየቱቦው አንድ አንድ መተላለፊያ በቶርኖ ቀረጽኩለት፤ ቀዳዳው ለእያንዳንዱ በልኩ። የቫልቩን ፊት እንደ ድሮዎቹ በቀንድ ሳይሆን ዴልሪን በሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ሠራሁት። የቀረው የመምቻው ሞላ ነው። የማስተካከያው ወግ እንዲህ ነው፤ ፍጥነት መለኪያውን ፊት ለፊት አስቀምጦ ሞላውን ትንሽ በትንሽ ማጥበቅ። ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ከዚያ በላይ ማጥበቅ አየር ማባከን ነው። ከዚያ ጫፍ ከመቶ 3 ወይም 4 ያህል ፍጥነት እስኪቀንስ መለስ ሲደረግ የተኩሱ ብዛት በጣም ይጨምራል። ወጣት ሠራተኞች ይህን መመለስ ይጠሉታል፤ ጫፉ ላይ መቆየት ይፈልጋሉ።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ጫፉ የሚወሰነው በሕግ ነው። በ1969 በወጣው ደንብ ያለ ፈቃድ የሚያዝ የአየር ጠመንጃ ከ16 ጁል ትንሽ ካለፈ ሕገ ወጥ ነው። ጀርመን ከዚህም ትጨክናለች፤ 7.5 ጁል። ሕጉ የሚለካው ጉልበቱን እንጂ የቱቦውን ስፋት አይደለምና፣ በእንግሊዙ ልክ ቀላሏ የ4.5 ጥይት በሰከንድ 250 ሜትር፣ የ5.5 ጥይት ግን 185 ሜትር ያህል ትሄዳለች። ቱቦ የሚቀይር ሰው ቫልቩን ሳያስተካክል ቢቀር ሳያውቀው ወንጀለኛ ሊሆን ይችላል፤ ከባድ ጥይት ከዚያው አየር ብዙ ጊዜ የተሻለ ጉልበት ያወጣልና። የእንግሊዝ ሠሪዎች በቁጠባ የተካኑት ይህ አጥር ስላስገደዳቸው ነው ብዬ አምናለሁ። በስታፎርድሺር ለእንስሳት የማደንዘዣ መርፌ የሚተኩስ ጠመንጃ ይሠራ የነበረው ዴይስቴት የተባለ ኩባንያ፣ በ1980 አካባቢ ቀድሞ የሚሞላውን ጠመንጃ እንደገና ወደ ገበያ ያመጣው እዚያው ነው።

በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እንዲህ ያለ አጥር የለም። በቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ የሚሠራው ኤርፎርስ የተባለ ኩባንያ ሰደፉን መልሶ የአየር ጠርሙስ አደረገው፣ ልክ እንደ ጂራርዶኒ። ከጠመንጃዎቹ አንዱ ውፍረቱ 11.6 ሚሊሜትር የሆነ ጥይት ከ600 ጁል በላይ በሆነ ጉልበት ይተኩሳል፤ አጋዘን ይጥላል። በእጅ ፖምፓ ግን የሚሞላው ሰው ብዙ አይመስለኝም፤ ጠላቂዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት ትልቅ ጠርሙስ ወይም ኮምፕረሰር ያስፈልገዋል።

የጎንደሬው ልጅ ኮምፕረሰር አልገዛም፤ በክንዱ ነው የሚሞላው። ሦስቱንም ቱቦ ካስተካከልኩለት በኋላ ትንሽ ሰንብቶ መጣና፣ ሁሌ የሚተኩሰው በ5.5ቱ መሆኑን ነገረኝ። ሌሎቹን ሁለት ቱቦዎች ከነመተላለፊያቸው ጨርቅ ጠቅልሎ ሱቁ ውስጥ ተወልኝ። «ጋሼ፣ በየጊዜው ካቻቢቴ ይዤ ሞላ ከማጠብቅ አንዱ ይበቃኛል» አለኝ።